አንድ ክረምት በሉማሜ

ነርስ ለመሆን የሚዘጋጅ ሰው ምን ያስፈልገዋል? ይህን ጥያቄ ያቀረብንላቸው ነባር ተማሪዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። ነጭ ጋዋን፣ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ ስለ ሰው አካል የሚያስተምር መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠንካራ ሆድ። ሆድ ያሉት ደም አይቶ የማያቅለሸልሸውን ነው። የፊተኞቹን ሦስት ነገሮች ገንዘብ ለምነን ገዛናቸው። ሆዳችን ግን እንደምን ያለ እንደሆነ የተፈተነው እዚያው አገራችን ሉማሜ ነው፤ ያውም አንዲት ጠብታ ደም በሌለበት።

ሦስት ነን፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። አንድ ሰፈር አድገን፣ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ ዕጣ ሆኖ አንድ ላይ ጎንደር ደረሰን። የመጀመሪያ ዓመት የጋራውን ትምህርት እንደ ጨረስን ነርሲንግ መመደባችንን አወቅንና ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ ቤታችን ተመለስን። ይህን ጽሑፍ «እኛ» እያልን የጻፍነው አንድ ላይ ስለ ጻፍነው ነው። ሌላም ምክንያት አለው፤ «እኛ» የሚለው ቃል ላጠፋ ሰው ጥሩ መጠለያ ነው። ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

ሉማሜን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ ከመድረሱ በፊት የሚያልፋት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ቤቱን ከነአጥሩ ይውጠዋል። ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ወረድ ያለ ሰው ጭቃው ጫማውን ያወልቀዋል። ጫማ ላለው ማለታችን ነው።

የቤተሰብ ነገር ታውቁታላችሁ። ነርስነት ደረሰን ስንል አንዱ አባት «መርፌ ወጊ ልትሆኑ ነው?» አሉ። አንዷ እናት «ዶክተሩስ ለማን ቀረ?» ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከንግግራቸው ይከፋል። ወንዱን ጓደኞቹ «አንተ ደግሞ ሻሽ ልታስር ነው?» እያሉ አፌዙበት። ያስጣሉን ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈራችን አስተማሪ ናቸው። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ላይ ነርስነት ተምራ መመረቋን፣ ከነጻነትም በኋላ ወለጋ ነቀምት ሳለች በ1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜዋ መሞቷን ነገሯቸው። «እንግዲህ ልዕልት ያላፈረችበትን ሥራ የእናንተ ልጆች ሊያፍሩበት ነው?» ሲሏቸው ነገሩ ረገብ አለ። ረገብ አለ እንጂ አልበረደም።

ዝግጅታችን እንግዲህ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት አጥንት እንቆጥራለን። አንድ አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት፤ የጭኑ ፌሙር፣ የቅልጥሙ ቲቢያ፣ ከጎኑ ያለችው ቀጭኗ ፊቡላ። እሸት በቆሎ እየጠበስን፣ አንዱ ጠያቂ፣ ሁለቱ መላሽ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡና ወደ ተፈላበት ቤት ሁሉ ሰዓታችንን አስረን እንሄዳለን። የጤነኛ አዋቂ ሰው የልብ ምት፣ አርፎ ተቀምጦ ሳለ፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 መሆኑን አንብበናል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰፈሩን ሰው ልብ ቆጥረን ጨረስን ማለት ይቻላል። ስምና ቁጥር የምንጽፍበት ደብተር ነበረን። ሰውም ወደደው። ነጻ ነገር ማን ይጠላል!

ነገር ግን የመጽሐፉ ቋንቋና የሉማሜ ቋንቋ አልተገናኙም። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ልቤን ያቃጥለኛል» አሉን። እኛ ሆዬ እጃቸውን ይዘን ቆጠርንና 72 ሲመጣ በኩራት «ልብዎ ደኅና ነው» አልናቸው። «ኧረ ሽሮ ስበላ ነው የሚያቃጥለኝ!» ብለው ከጨጓራቸው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ያገራችን ሰው ልቤን ሲል ደረቱን ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ ሆዱን ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ ሐዘኑንም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ይህን ያስተማረን መጽሐፍ የለም፤ ሴትዮዋ ናቸው። ደብተራችን ላይ «የት ላይ እንደሆነ በጣትዎ ያሳዩኝ ማለት» ብለን ጻፍን። እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

አንድ ቀን ብዙ ሰው ቡና የሚጠጣበት ቤት ገባን። ሁሉንም ቆጥረን፣ ጽፈን፣ ሰዓታችንን እያስተካከልን ልንወጣ ስንል ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «እኔ ልብ የለኝም እንዴ፣ ልጆቼ?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ስማቸውን አንጽፍም፤ አያ እንበላቸው። የአያ ሁለት እግር ከጉልበት በታች አብጧል። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ጠጥሯል፣ በጣቶቹ ላይ ኪንታሮት የመሰለ ነገር አብቅሏል፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ይቆስልና ይሸታል። ዝሆኔ ነው። ሰው ቤት ሲመጡ ቡናቸውን ደጅ ተቀምጠው ነው የሚጠጡት። ማንም ውጡ አላላቸውም፤ ማንም ግቡም አላላቸውም። እኛ ልጆች ሳለን ውሃ ስንቀዳ እሳቸው የረገጡትን ድንጋይ ዘለን ነበር የምናልፈው። «የእባብ አጥንት ረግጦ ነው» የሚል ነበረ፣ «እርግማን ነው» የሚል ነበረ፣ «በዘር ነው» የሚል ደግሞ ሁሉም ነበረ። የመጀመሪያ ልጃቸው ታጭታ የነበረው እጮኛ የቀረባት በዚሁ «በዘር ነው» ነው።

ከመካከላችን አንዱ ሄዶ እጃቸውን ያዘ። ያዘ ይባል እንደሆነ እንጃ! ክንዱን አርዝሞ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው። ሰዓቱን አላየም። ጥቂት ቆይቶ «ሰባ ስድስት» አለ። ውሸት ነበር። ቁጥሩ ከአየር ላይ የመጣ ነው። አያ «ተመስገን» አሉ። ደብተሩ ላይ 76 ተጻፈ።

ማን እንደዋሸ አንናገርም። እኛ ነን።

የዚያን ቀን ማታ አጥንት አልቆጠርንም። አንደኛችን ስልክ ላይ እየፈለግን እስከ እኩለ ሌሊት አነበብን። በሽታው በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ከግሪክ የእግርና የአቧራ ቃላት የተገኘ ስም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጥንቶ እንዳሳየው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው የሚይዘው ነው። ከአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳው ይገባሉ፤ ሰውነቱ ሊቋቋማቸው ሲታገል ፈሳሽ የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይበላሻሉ፤ እግሩም ያብጣል። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። «በዘር ነው» የሚለው ወሬ እንኳ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በቀላሉ የመጠቃት ባሕርይ በቤተሰብ ሊወርድ ይችላል፤ ነገር ግን ጫማ ያደረገ የዚያው ቤተሰብ ልጅ አይታመምም። በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል።

ከሁሉ ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው። ሳሙናና ውሃ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ምን ያህል እንደሚረዱ የተፈተነበት ትልቅ ጥናት የተሠራው እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎረቤታችን አነደድ ወረዳ ውስጥ ነበር። ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2018 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። እግራቸውን በየቀኑ እየታጠቡ የተንከባከቡት ሰዎች፣ ትኩሳትና ሕመም እያስከተለ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ቁጣ ከሌሎቹ በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀንሶላቸዋል። የባሕር ማዶ ሰው ስለ አነደድ እግር ሲያነብ እኛ ድንጋይ እየዘለልን ነበር።

በማግሥቱ ሳፋ፣ ሳሙናና አንድ ጠርሙስ በረኪና ይዘን አያ ቤት ሄድን። በረኪናው ጀርም ይገድላል ብለን ነው። ልኩን አናውቀውም፤ በዛ ሲል ይበልጥ ይጠቅማል ብለን ገለበጥነው። አያ እግራቸውን ከነከሩ በኋላ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ያው ሐኪም ያውቃል ብለው ነው። የተሰነጣጠቀው ቆዳ ተቃጠለ፤ ማታውን ሲያማቸው አደረ። ሌሊቱን ሦስታችንም አልተኛንም። «ይዟቸው ይሙት እንዴ? ምን አባታችን እናድርግ?» እየተባባልን ነጋ።

ጠዋት ወደ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሄደን ጥፋታችንን ተናዘዝን። አልጮኸችብንም፤ ጋቢዋን አንሥታ አብራን መጣች። ያስተማረችን ይህን ነው። በረኪና ልኩን ባላወቀ ሰው እጅ መድኃኒት አይደለም። ንጹሕ ውሃና የገላ ሳሙና በቂ ናቸው። በጣቶች መካከል፣ በየስንጥቁ፣ ቀስ ብሎ ማጠብ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እያስነኩ እንጂ እየፈተጉ ሳይሆን ማድረቅ፤ እርጥብ የቀረ ስንጥቅ ሁሉ ነገ ቁስል ነው። ቫዝሊን መቀባት። ሲቀመጡም ሲተኙም እግርን ከፍ ማድረግ። ካልሲና ሽፍን ጫማ። ይህንን ዛሬ ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ልክ፣ በየቀኑ። በሽታው ተጠራርጎ አይወጣም፤ ይገታል እንጂ።

ስለ ሆድ ጉዳይ እውነቱን እንናገር። በመጀመሪያው ቀን ሦስታችንም ተራ በተራ ከጓሮ ወጥተን ተመልሰናል። ወንዱ ሴቶቹ ይወጣሉ ብሎ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ እሱ። በአራተኛው ቀን የወጣ አልነበረም። ሆዳችን ስለ ጠነከረ አይመስለንም። እግሩ የአንድ የምናውቀው ሰው እግር ስለ ሆነ ነው። በሦስተኛው ቀን ሽታውም ራሱ ቀንሶ ነበር፤ ለካ ያ ዕድሜ ልክ የሸሸነው ሽታ የበሽታው ሳይሆን የቆሻሻና የቁስሉ ኖሯል።

አያ እያጠብናቸው ያወሩናል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እሳቸው ከኋላ ተደብቀው እንደሚቆሙ ነገሩን። «ማንም አልከለከለኝም። እኔው ነኝ ያፈርኩ» አሉ። «ሚስቴንም አላስነካት፤ ትጠላኛለች ብዬ።» ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ከምድጃው ዞር ብለው «ማን ጠላህ? አንተው ደበቅከኝ እንጂ!» ብለው ቱግ አሉ። እኛ ሳፋው ላይ አቀረቀርን። የባልና ሚስት ነገር ነው፤ ምን እንበል?

ጫማው ሌላ ጣጣ ሆነ። ለእንደዚያ ያለ እግር ሱቅ ውስጥ ጫማ የለም። አንድ ጫማ ሰፊ እግራቸውን በክር ለክቶ፣ ቅርጹን በካርቶን ላይ አንሥቶ ከሸራና ከጎማ ሠራላቸው፤ ቀኙና ግራው የሁለት ሰው ይመስላል። ደስ ብሎን «በቃ ከእንግዲህ ባዶ እግር የለም» አልናቸው። «መልካም። ጤፉንስ በዚህ አድርጌ ነው የምዘራ?» አሉን። የጤፍ መዝሪያ ጊዜ ነው። ሞፈር ይዞ በዚያ ጭቃ ውስጥ የሚያርስ ሰው እንዲህ ያለ ጫማ ሁለት ትልም ሳያወጣ ይቀራል። መጽሐፉ «ጫማ ያድርጉ» ይላል፤ ጤፍ የሚዘራ ሰው ምን ያድርግ አይልም። መልስ አልነበረንም። በመጨረሻ በእርሻው ሰዓት ባዶ እግር፣ ከእርሻ እንደ ተመለሱ ሳይውል ሳያድር መታጠብ፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ ጫማ፤ በዚህ ተስማማን። ግማሽ መፍትሔ ነው። ያለን ግን እሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ እኛው ሰነፍን። ቡሄ መጣ፤ ጋዋን ለመግዛት ደብረ ማርቆስ ሄድን፤ ዝናቡ ሲበዛ አንዱ ሌላው ሄዷል ብሎ ቀረ። ስንቆጥረው አምስት ቀን ሆነ። እግሩ ዳግመኛ ቆስሎ እናገኘዋለን ብለን እየፈራን ስንሄድ ደህና ሆኖ አገኘነው። ባለቤታቸው አንድም ቀን ሳያጓድሉ አጥበዋል። ውሃውን ከማታ ጀምረው በእንስራ አስቀምጠው ያጠሉታል፤ የሚያደርቁበትን ነጠላ ቀድደው፣ ለየጣቱ ስስ ቁራጭ አድርገው፣ በየቀኑ ቀቅለው ያሰጡታል። ይህን እኛ አላስተማርናቸውም። ደብተራችንን ገልጠን አየነው፤ የአያ ስም አለ፣ የእኛ ስም አለ፣ የእሳቸው ስም የለም። ያን ክረምት በዚያ ቤት ነርስ የነበሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ጳጉሜን ገባች። በሩፋኤል ቀን ሕፃናት በዝናቡ ሲጠመቁ እኛ ለመሰናበት ወደዚያ ቡና ቤት ሄድን፤ ቡና የሚሸጥበት ሳይሆን ያ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ማለታችን ነው። አያ ከውስጥ ተቀምጠዋል፤ እነዚያን ሁለት ሰው የሚያካክሉ ጫማዎች አድርገው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው። እብጠቱ አልጠፋም። በክር ስንለካው አንዲት ጣት ያህል ቀንሷል፤ ከዚያ በላይ ብንል እንዋሻለን። በዚያ ሁሉ ሳምንት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ትኩሳት አልጣላቸውም።

ያ መጀመሪያ እጃቸውን የያዘው ልጅ (ወይም ልጅት) ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እጃቸውን ያዘ፤ ሰዓቱን እያየ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረ። 84 ነበር። ደብተሩን አውጥቶ 76ን ሰረዘው።

«የፊተኛው ስንት ነበር?» አሉ አያ።

«የፊተኛውን አልቆጠርነውም ነበር።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «ሰዓታችሁን አላያችሁትማ።»

ቡናቸውን ፉት ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኛ ግን እስከ ዛሬ አልቀጠልንም፤ እዚያው ነን። ሰውዬው ክረምቱን ሙሉ ውሸታችንን እያወቁ ነው እግራቸውን የሰጡን።

አሁን ጎንደር ነን። የደምቢያን ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከንጽሕና ባለሙያዎች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችንም ያሠለጥን እንደ ነበረ፣ ሦስቱም በአንድነት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይላኩ እንደ ነበረ ተምረናል። ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ላይ ስለ ከፈተችው ትምህርት ቤት ተምረናል። ፈተናም ወድቀን አልፈን አይተናል። በመጀመሪያው የተግባር ትምህርት ግን የተማርነው የሕመምተኛን ገላ ማጠብና ማድረቅ ነበር። ሦስታችን ተያየንና ሳቅን። መምህራችን ምን እንዳሳቀን ጠየቁ፤ ያን ጊዜ አልነገርናቸውም።

በመጪው ክረምት ነርስነት ደርሷችሁ አገራችሁ የምትገቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጋዋኑን ግዙ፤ ሰዓቱንም ግዙ። አጥንቱንም አጥኑ፤ አንድም ቀን ከንቱ አልሆነብንም። ነገር ግን በሰፈራችሁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ይኖራል። ለየሰፈሩ ምክንያቱ ይለያይ ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን አይጠፋም። ከእሱ ጀምሩ። ስትቆጥሩም ሰዓታችሁን እዩ።

ባለፈው ዕረፍት ሉማሜ ገብተን ነበር። አያ አንድ ጊዜ ተነሥቶባቸው አራት ቀን ተኝተው እንደ ነበረ ሰማን። ሳሙና ተወዶ ለጥቂት ጊዜ አቋርጠው ኖሯል። ከበሩ ስንደርስ ባለቤታቸው ተቀበሉን፤ ጉንጫችንን ስመው፣ ጤንነታችንን ጠይቀው፣ ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁን። እየገፋን ነው አልናቸው። «እሰይ» አሉና ቦርሳችንን አየት አድርገው፣

«ሳሙናስ ይዛችኋል?» አሉን።